አንድ አምፖል ለሁለት ክፍል

አረጋሽ ከእንቅልፏ የነቃችው ፊቷ ላይ ጭቃ ሲረግፍባት ነው። መጀመሪያ ጣሪያው በዝናቡ ተበላሽቶ የወረደ መሰላት፤ የዘንድሮው ክረምት አምቦ ላይ ጨክኗል። ዓይኗን ጠራርጋ ስታይ ግን ባሏ ተሬፋ በፒጃማ ሱሪና በቢሮ ካፖርቱ አልጋው ራስጌ ዱካ ላይ ቆሞ፣ መኝታ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየውን ግድግዳ በመሮ ይፈለፍላል። ጭዱና ጭቃው ትራሱ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ፀጉሯ ውስጥ ሳይቀር ተበትኗል። እሱ መዶሻውን ባነሳ ቁጥር በኮርኒስ ፋንታ የተወጠረው አቡጀዲ እንደ ሸራ ይርገበገባል።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለችው።

«ተኚ፤ ልጨርስ ነው።»

«ምኑን ነው የምትጨርሰው? ቤቱን?»

ተሬፋ መሮውን አውርዶ በትዕግሥት አስረዳት። ሳሎን አንድ አምፖል አለ፣ መኝታ ቤት ሌላ አምፖል አለ፤ ለምን? ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ አንድ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ውስጥ አንድ አምፖል፤ በቃ፣ ሁለቱም ክፍል በራ ማለት ነው። ይህን ሲናገር ፊቱ ራሱ የበራ ይመስል ነበር። አረጋሽ ቤቱ የቀበሌ እንደሆነና ግድግዳ መብሳት እንደሚያስጠይቅ ብትነግረው፣ ቀበሌ ቢጠይቅ ለቀበሌውም አስረዳለሁ አለ።

«ዛሬ እኮ ለዱሬቲ ሽማግሌ ይመጣል!»

«ታዲያ ሽማግሌ ብርሃን አይወድም?» አለና ተመልሶ መዶሻውን አነሳ።

ተሬፋ በአውራጃው አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ነው። በሰኔ መጨረሻ አዲስ አበባ ለሴሚናር ተልኮ ነበር፤ ርዕሱ ኃይልን በየቤቱ ስለ መቆጠብ ነው። ሌሎቹ ተካፋዮች ከዚያ የተመለሱት ለልጆቻቸው ጫማ ይዘው ነው። ተሬፋ ግን ሐሳብ ይዞ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ቤት ክዳን የሌለው ድስት እሳት ላይ አይጣድም፤ ክዳኑም ላይ ድንጋይ ይደረጋል። ባቄላና ሽምብራ ሳይዘፈዘፍ ካደረ ምድጃ አያይም። ልብስ የሚተኮሰው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ የከሰል ካውያው እንደጋለ የቤተሰቡ ልብስ ሁሉ ይሰለፋል። አንድ ሰኞ ተሬፋ ራሱ የቅዳሜውን ተራ አሳልፎ፣ የተጨማደደ ሸሚዝ ለብሶ ቢሮ ሲሄድ ጎረቤቱ ሁሉ አይቶታል። የከሰል ምድጃው በጭቃ ከውስጥ ተለስኖ ጠቧል። በረንዳው ላይ የነበረው አምፖል ወርዶ ሣጥን ገብቷል፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ የቀበሌው ሊቀመንበር ገንዳ ውስጥ ሊገባ ሲል ለጥቂት ተርፏል። እውነቱን ለመናገር አረጋሽ ስለ ከሰሉ ክፉ አትናገርም፤ ከሰልና ነጭ ጋዝ እሳት በሆኑበት ጊዜ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ድሮ ከሚቆየው እጥፍ ይቆይላታል። የሚያናድዳት የባሏ ፊት ነው። ድስት ከፍታ ስታማስል ከኋላዋ ቆሞ፣ እንፋሎቱ ወደ ላይ ሲወጣ እንደ ዘመድ አስከሬን ሲሸኘው ማየት አትችልም።

ዱሬቲ የተሬፋ ታናሽ እህት ናት። እናታቸው የሞተችው እሷ ገና ድክ ድክ ስትል ስለሆነ ያሳደጋት እሱ ነው፤ አረጋሽን ሲያገባም ዱሬቲ የሙሽራው ወገን ሆና ጭኑ ላይ ተቀምጣ ነበር። አሁን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እስከ ዛሬም የምትኖረው እዚሁ ቤት፣ ከማድ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል ነው። የጊንጪው ጤና ረዳት ሌንጮ ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ወሬው ከመጣ ወዲህ ወንድምና እህት በአንድ ገበታ ይበላሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ መንገዱ መበላሸት ያወራሉ፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። እሱ ወጡን ያወድሳል፣ እሷ ጨው አነሰው ትላለች። አረጋሽ መሀላቸው ተቀምጣ እንጀራ ትጨምራለች።

ጠዋቱ በጽዳት አለቀ። አረጋሽ ከአልጋው ላይ ጭቃውን አራገፈች፣ ሳሎኑን ጠረገች፣ ወንበሮቹ ላይ ያለቻትን ዳንቴል ሁሉ ዘረጋች። ቀዳዳው ከዱካ ላይ ሆኖ ክንድ ቢያስገቡበት የሚያሳልፍ ነው፤ አምፖሉ መሀሉ ተንጠልጥሎ ሲያዩት ጎጆዋ ውስጥ የተቀመጠች ወፍ ይመስላል። ማብሪያ ማጥፊያው ግን ሳሎን ብቻ ቀረ። መኝታ ቤት ያለ ሰው ብርሃን ከፈለገ ሳሎን ያለውን ይለምናል ማለት ነው። ይህን ስትጠይቀው ተሬፋ፣ ትብብርን ያዳብራል አላት።

ፍልሰታ ስለተፈታ ሥጋ ቤቱ ተጨናንቋል፤ አረጋሽ ተጋፍታ የበግ ሥጋ ገዝታ ተመለሰች። ቀይ ወጡን ከዱሬቲ ጋር ሠሩት። ሽንኩርቱ በስሎ፣ በርበሬው ገብቶ፣ ሥጋው አንድ ጊዜ ደህና አድርጎ እንደፈላ ተሬፋ ማድ ቤት ገብቶ «በቃ! አውጡት!» አለ። ሥጋው ገና ጥሬ ነው። እሱ ግን ድስቱን ከነክዳኑ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ጭድ በተጠቀጠቀበት የሻይ ቅጠል ሣጥን ውስጥ አስገባው፣ በላዩም ሌላ ጭድ ጨምሮ ከደነው። ድስቱ በራሱ ሙቀት ይበስላል አለ። እስከ ዛሬ በዚህ ሣጥን የሞከሩት ባቄላና ድንች ነው። የእንግዳ ወጥ ሲገባበት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ካልበሰለስ?» አለች አረጋሽ።

«ሳይንስ ነው» አለና እጁን አራግፎ ወጣ።

ዱሬቲ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ሳቋ ቆመና ሽንኩርት ያልነካው ዓይኗ እርጥብ ሆነ። አረጋሽ አይታለች፤ ግን ምን ብላ ትጠይቃት? «እጅሽን ታጠቢ፣ በርበሬ አለው» ብላ አለፈችው።

ከቀትር በኋላ አረጋሽ ነጠላዋን ልትቀይር መኝታ ቤት ስትገባ የባሏን ድምፅ ሰማች። አጠገቧ የቆመ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል። ዞር ብላ አየች፤ ማንም የለም። ድምፁ የሚመጣው ከቀዳዳው ነው። ተሬፋ ሳሎን ውስጥ ብቻውን እየተንጎራደደ ለሽማግሌዎቹ የሚሰጠውን መልስ ይለማመዳል። «ክቡራን አባቶች፣ ስላከበራችሁን እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ልጅቷ ግን ገና ናት... አይ፣ ገና ናት አይባልም... ልጅቷ ትምህርቷን መቀጠል ትፈልጋለች። አሁን ስለ ትዳር አታስብም። ራሷ ነች ያለችኝ።» ጉሮሮውን ጠረገና ደገመው፤ በሁለተኛው ላይ «ራሷ ነች ያለችኝ» የሚለውን አጠበቀው።

አረጋሽ ነጠላዋን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወጥታ «ድምፅህ እስከዚህ ይሰማል» ልትለው ነበር። ግን ያ «ራሷ ነች ያለችኝ» አስቆማት። ማድ ቤት ሄዳ ለዱሬቲ የሰማችውን ነገረቻት፣ ከየት እንደሰማችውም ነገረቻት። ዱሬቲ ትጠርገው የነበረውን ብርጭቆ ብርሃን ላይ አንስታ አየችው፣ እንደገና ጠረገችው።

«እንደዚያ አለ?» አለች።

«እንደዚያ አለ።»

ዱሬቲ ሌላ ብርጭቆ አነሣች።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ከዶፍ ዝናብ ጋር ነው። ገና አሥር ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሰማዩ ግን ስለጠቆረ ሳሎኑ ውስጥ ሰው ከሰው አይለይም፤ ተሬፋም በኩራት መብራቱን አበራው። ሦስት ናቸው። ከፊት ኦቦ ሆርዶፋ፣ ረዥም፣ አንደበታቸው የታወቀ፣ በጊንጪ ዙሪያ ያለ እርቅና ጋብቻ ሁሉ በእሳቸው አፍ የሚያልፍ። ቀጥሎ ኦቦ ቦጂያ፣ ወፍራም የከብት ነጋዴ። መጨረሻ ላይ ከአዲስ ዓለም የመጡት ኦቦ ዳዲ፣ የሌንጮ አያት ወንድም፤ እጅግ ያረጁና ጆሯቸው የማይሰማ። «አካም ኦልተን» ተባባሉ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ መንገዱ ተጠያየቁ። ኦቦ ዳዲ በየመሀሉ «ምን አለ?» ይላሉ፤ ኦቦ ሆርዶፋም ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብለው የተባለውን በጩኸት ይደግሙላቸዋል። አረጋሽ የአምቦ ውሃ አቀረበች፤ እንደ ወጉ ግን መልስ ሳይሰጣቸው አንቀምስም አሉ። አስቀድሞ ከተከፈተው ጠርሙስ ጋዙ ሲወጣ ተሬፋ በሐዘን አየው።

ኦቦ ሆርዶፋ ቆመው ተናገሩ። ንግግራቸው ከሌንጮ ቅድመ አያት ጀመረ። ልጁ የት እንደተማረ፣ በትምህርት ቤቶች እየዞረ ለሕፃናት ክትባት እንዴት እንደሚሰጥ፣ መጠጥ እንደማይነካ ዘረዘሩ፤ ኦቦ ቦጂያም «እውነት ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ» እያሉ አጀቡ። ተሬፋ የኦቦ ቦጂያን ድምፅ በሰማ ቁጥር ጺሙን ያሻል። ንግግሩ ሲያልቅ ተነሣ፤ አፉን ከፈተ፤ ያን ሁሉ የተለማመደውን ግን አልተናገረም። «ለአንድ አፍታ ከባለቤቴ ጋር ልማከር» አለና መኝታ ቤት ገባ፤ አረጋሽን ጠራት፣ ዱሬቲም ከበሩ ጀርባ ቆማ ስለነበር ተከትላ ገባች። ተሬፋ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ።

«ልጁ አይከፋም» አለ፤ ሹክሹክታው ከመዝገብ ቤቱ ማዶ ፋይል የሚያስመጣበት ዓይነት ሹክሹክታ ነው። «ግን ምስክሩን አይታችሁታል? ቦጂያን! ነፍሱን ይማረውና ለአባቴ በእርጅናው አንካሳ በቅሎ የሸጠለትን ሰው! የዚህን ሰውዬ አፍ አምኜ እህቴን ልስጥ?»

ከግድግዳው ወዲያ የኦቦ ዳዲ ድምፅ መጣ። «ምን አለ?»

ኦቦ ሆርዶፋ ከልማድ የተነሣ ሳያስቡት ጮሁ፦ «ቦጂያ ለአባቴ አንካሳ በቅሎ ሸጠለት አለ!»

ከዚያ በኋላ የሚሰማው የቆርቆሮው ላይ ዝናብ ብቻ ሆነ። ተሬፋ ቀስ ብሎ ቀና አለና ቀዳዳውን አየ። አምፖሉ ፍጹም ሰላማዊ ሆኖ ይበራል።

«ኦቦ ተሬፋ!» አለ የኦቦ ቦጂያ ድምፅ ከወዲያ፤ ተቆጥቷል። «ያቺ በቅሎ ከእኔ ደጅ ስትወጣ ቀጥ ብላ ነው የሄደችው! መንገድ ላይ ምን እንዳደረጋችኋት እናንተ ታውቃላችሁ!»

«እኛማ ምን እናደርጋታለን፣ ገና ከደጅዎ ሳንርቅ...» ብሎ ተሬፋ ሊመልስ ሲል አረጋሽ አፉን በእጇ ያዘችው። እሱ ከእጇ አምልጦ ትራሱን አነሣ፣ አልጋው ላይ ወጣ፣ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀው። መኝታ ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

«አምፖሉ ትራሱን ያቃጥለዋል!» አለች አረጋሽ።

«እኛ ዘንድ ብርሃን አለ፣ አትጨነቁ» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ ከወዲያ፤ ትራሱ ድምፃቸውን ምንም አላስቀረውም።

ተሬፋ በጨለማ ውስጥ «እንደሚሰማ ታውቂ ነበር?» አላት ሚስቱን።

«ከቀትር ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ንግግርህን እንዳላቋርጥህ ብዬ ነው» አለችው። ተሬፋ የትኛውን ንግግር እንደሆነ ገባው። የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ሲመጣ ትራሱን ሳብ አደረገው፤ ብርሃኑ ተመልሶ ሦስቱንም አሳያቸው። ዱሬቲ ቁም ሣጥኑን ተደግፋ ቆማለች። ወንድሟን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ቀዳዳውን አየችው። ሽማግሌ ባለበት ልጅቷ ድምፅዋ አይሰማም፤ ወጉ እንዲያ ነው፣ እሷም ታውቀዋለች። ስትናገር ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በዝናብ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ላሉት ተማሪዎች ጭምር በሚደርሰው የአስተማሪ ድምፅዋ ነው።

«ጋሼ ተሬፋ፣ ትምህርት ልቀጥል አላልኩህም። አንተም አልጠየቅኸኝም። ሌንጮን አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ላክ ያልኩትም እኔ ነኝ። ላገባው እፈልጋለሁ።»

«ምን አለች?» አሉ ኦቦ ዳዲ።

ኦቦ ሆርዶፋ ለአፍታ አመነቱ። ከዚያ፦ «ላክ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ላገባው እፈልጋለሁ አለች!»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አሉ ኦቦ ዳዲ። «ወጥ ሸቶኛል እኮ።»

አረጋሽን ሳቋ አፈናት፤ የባሏን ፊት ስታይ ግን ሳቁ ጠፋ። ተሬፋ አልጋው ላይ ተቀምጦ ትራሱን አቅፎታል። እንደሚቆጣ ጠብቃ ነበር፤ ለእህቱ ተከራክራ የምትለውን ሁሉ በልቧ አሰናድታለች። እሱ ግን ዱሬቲን ሳያይ፣ ወለሉን እያየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ሹክሹክታ በሆነ ድምፅ «ጊንጪ ልትሄጂ ነው ማለት ነው» አለ።

«አዎ» አለች ዱሬቲ፤ የእሷም ድምፅ ወረደ።

«ማታ ማታ ደብተር የምታርሚው... እዚያ...» አለና አልጨረሰውም። አረጋሽ ያን ጊዜ ገባት። በቅሎዋም አይደለችም፣ ትምህርቱም አይደለም። ይህ ሰው ከቤቱ እንፋሎት ሲወጣ እንኳ ማየት አይችልም። ተሬፋ በትራሱ ዓይኑን ጠረገ፤ ትራሱ ከጠዋት ጀምሮ ጭቃ የጠጣ ስለሆነ ጉንጩና ግንባሩ ቡናማ ሆነ። ማንም አልነገረውም። ተነሥቶ ካፖርቱን አስተካከለ፣ በሩን ከፈተ፣ ሳሎን ገባ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ፊቱን አዩት፤ ስለ ፊቱ ግን አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ጨዋዎች ነበሩ።

«እንግዲህ የሰማችሁትን አልደግመውም» አለ ተሬፋ። «እሷ እሺ ብላለች። እኔም እሺ ብያለሁ።»

ኦቦ ሆርዶፋ ትንሽ ቅር አላቸው። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ይመለሳሉ፣ በሌላ ቀን ይመጣሉ፣ እንደገና ይመለሳሉ፤ ለሁለተኛው ምልልስ ያዘጋጁት ንግግር ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያማረ ነበር። ቢሆንም ተነሥተው መረቁ፤ ምርቃቱን አስረዝመው ከዚያ ንግግር የቻሉትን ያህል ከተቱበት። ኦቦ ቦጂያ አሁንም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

አረጋሽ ማድ ቤት ሄዳ ሣጥኑን ከፈተች። ጭዱን ገፈፈች፣ ብርድ ልብሱን ፈታች፣ ክዳኑን አነሣች፤ እንፋሎቱ ፊቷን መታት። በጭልፋ አንድ ሥጋ ነካ ስታደርግ ከአጥንቱ ተለያይቶ ወደቀ። እግዚአብሔርን አመሰገነች፣ ሳይንስንም ጨመረችበት። ወጡ ሳሎን ሲገባ ኦቦ ቦጂያ አንድ ጎረሱ፣ ሌላ ጎረሱ፣ ከዚያ ወደ ተሬፋ ዞሩ።

«ማድ ቤታችሁ ሲጨስ አላየሁም። ይህን ምን አበሰለው?»

ተሬፋ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀው ሰው በሕይወቱ አጋጥሞት አያውቅም። ሰውዬውን በክርናቸው ይዞ ማድ ቤት ወሰዳቸው። ሣጥኑን አሳያቸው፣ ጭዱ እንዴት እንደሚጠቀጠቅ አሳያቸው፣ ድስቱ መጀመሪያ ደህና መፍላት እንዳለበት አስረዳቸው። ኦቦ ቦጂያ ጎንበስ ብለው ሣጥኑን እንደ ወይፈን ዳበሱት፣ ጎኑን መታ መታ አደረጉት። ሲመለሱ ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ ከብት ሲነዱ በሚያድሩበት ሜዳ ወጥ በጭድ ማብሰል ይቻል እንደሆነ ይከራከሩ ነበር።

«ምን ይላሉ?» አሉ ኦቦ ዳዲ።

«ወጡ በጭድ ነው የበሰለው ይላሉ!»

«በጭድ?» ኦቦ ዳዲ የያዙትን ጉርሻ አገላብጠው አዩት። «የሰው ምግብ ነው ወይስ የበሬ?» አሉና፣ መልስ ሳይጠብቁ ጎረሱት።

ዝናቡ አባራና ሽማግሌዎቹ ከተማ ውስጥ ወዳለ ዘመዳቸው ቤት ሄዱ። አረጋሽ ዕቃ ልታጥብ ማድ ቤት ገባች። ዱሬቲ ገበታውን ስታነሣ ተሬፋ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የውሃውን ጠርሙስ ቆርኪ በጣቱ ያሽከረክራል። ዛሬ ስለ ዝናቡ ማንም አላወራም።

«ተቆጥተሃል?» አለችው።

«አልተቆጣሁም።» ቆርኪውን አስቀመጠው። «ጊንጪ መንገድ ላይ ናት አይደል?»

«መንገድ ላይ ናት።»

«አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ሁሉ እዚያ ይቆማል።»

«ይቆማል።»

«እንግዲህ አዲስ አበባ ጉዳይ ሲኖረኝ እግረ መንገዴን ወረድ እላለሁ።»

ዱሬቲ ሳህኖቹን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች። ከኪሷ መሐረብ አውጥታ ከግንባሩ ላይ ጭቃውን ጠረገችለት፤ እሱም እንደ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ሰጣት።

«ጉዳይ ሳይኖርህም መምጣት ትችላለህ እኮ» አለችው።

«ሳይኖረኝ?»

«ሳይኖርህ።»

ተሬፋ ዓይኑን ገለጠና ይህን አሰበበት። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ነግሮት የማያውቅ ይመስል ረዘም አድርጎ አሰበበት።

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም» አለ።